በሚኒባስ ሬዲዮ ውስጥ የተረፈው ሠላሳ ስምንተኛ ዓመት

ቢቸና ውስጥ በአንድ የመስኖ ጽሕፈት ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ኃላፊያችን አቶ ይበልጣል መጀመሪያ ያሉኝ «ጫማሽን አውልቂ» ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ወለል ላስቲክ ምንጣፍ፣ ኮምፒውተሯም ዳንቴል ለብሳለች። ዳንቴሉን የሠሩት የኃላፊው ባለቤት ስለሆኑ ጠዋት ማጠፍና ማታ መልሶ ማልበስ አንዱ ሥራዬ ሆነ። ማዕረጌ ጀማሪ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ከእኔ በላይም ሆነ በታች ሌላ የኮምፒውተር ባለሙያ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ዓመት ደብዳቤ ስተይብ ከረምኩ። ከዚያ የግድቡ ጉዳይ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ወንዝ ላይ ለምትሠራ ትንሽ ግድብ ሁለት ቦታ ታጨ። አቶ ይበልጣል የላይኛውን ወደውታል፤ የላይኛው ከተመረጠ ግን ወይዘሮ ጠጅቱ የሚባሉ ባለይዞታ ከነቤታቸው መነሣታቸው ነው። የታችኛው ከተመረጠ ውሃው እሳቸው አጥር ድረስ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን እንዲነግረን ከክልል አንድ የሲሙሌሽን ፕሮግራም በሲዲ ተላከልን። ፕሮግራሙ የሃምሳ ዓመት ዝናብና ደለል ኮምፒውተሯ ውስጥ ያወርድና ውሃው የት እንደሚደርስ ያሰላል። የእኛዋ ማሽን ሃምሳውን ዓመት ለመጨረስ ስምንት ቀን ሳትጠፋ መሥራት ነበረባት።

በዚያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ ስምንት ቀን ሳይጠፋ የበራ መብራት አላየሁም። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሯን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆያት ዩፒኤሳችንም ባትሪው ስለደከመ «ኧረ!» ለማለት ብቻ ይበቃል። አንዴ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ላይ ጠፋና ከአንድ ጀመርን። ሌላ ጊዜ በዘጠነኛው ላይ ጠፋ፤ እንደገና ከአንድ።

ወይዘሮ ጠጅቱ በየገበያው ቀን ጎራ ይላሉ።

«ልጄ፣ ስንተኛው ዓመት ደረሳችሁ?»

«ስድስተኛው ላይ ነን፣ እማማ።»

«ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛው አላልሽኝም? ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄዱት?»

አፍሬ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። መጨረሻው አካባቢ ቼክፖይንት ስለሚባል ነገር ተጽፏል፦ ፕሮግራሙ በየተወሰነ ጊዜ የደረሰበትን ሁሉ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ መብራት ቢሄድ ከዚያ ይቀጥላል እንጂ ከአንድ አይጀምርም። ማድረግ የሚጠበቅብኝ አንድ መስመር ማስተካከል ብቻ ነበር። በየአምስት ዓመቱ እንዲጽፍ አደረግሁት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለወይዘሮ ጠጅቱ ሃያ ሦስተኛው ዓመት ላይ መድረሳችንን አበሠርኳቸው።

«በሃያ ሦስተኛው እኔ አለሁ?»

«እርስዎ አይታዩም፣ እማማ። የሚታየው ውሃው ብቻ ነው።»

«ውሃው እኔን ያየኛል ወይ ነው የምልሽ!»

ሠላሳ ስምንተኛው ዓመት ላይ አቶ ይበልጣል «ሞጣ መብራቱ ይሻላል፤ የቀረውን እዚያ ያስጨርሱት» አሉ። ፕሮግራሙን የደረሰበትን እዚያው አስጽፌ፣ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ የሞጣውን ባልደረባዬን የጌትነትን ስምና ስልክ ጻፍኩበትና ለሚኒባስ ሹፌሩ ለአንሙት ሰጠሁት። በእኛ አገር ቅቤም ሰነድም በሹፌር ነው የሚላከው። ከሁለት ቀን በኋላ ጌትነት ደወለ። «ምንም አልደረሰኝም። ደግሞ ሞጣ መብራት ይሻላል ያለሽ ማነው?» ፍላሹ ጠፍቷል ብዬ እዚያው ቢቸና ቀጠልኩ።

ጥፋቴ የመጣው ይሄኔ ነው። አንዲት ሰዓት እንኳ እንዳትባክንብኝ ብዬ ፕሮግራሙን በየአምስት ዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየወሩ ጻፍ አልኩት። ሩብ ሰዓት ያሰላል፣ ስምንት ደቂቃ ይጽፋል። የሚጽፈውም ያው አንዱ ፋይል ላይ ነው፤ አዲሱን ለመጻፍ አሮጌውን ያጠፋል። እኔ ግን በጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር። አቶ ይበልጣልም «ጎበዝ!» ብለውኛል።

ሐሙስ ዕለት፣ በአርባ ስድስተኛው ዓመት ላይ፣ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ሄደ። ሲመለስ አሮጌው ጠፍቷል፤ አዲሱ ግማሽ ነው። ፕሮግራሙ አልከፍትም አለ። ሰኞ ቦታውን የሚወስን ኮሚቴ ከዞን ይመጣል፤ ውጤት ከሌለ የላይኛው ቦታ ይጸድቃል። አርብ ጠዋት ወይዘሮ ጠጅቱ ሲመጡ ዳንቴሉን ይዤ እያለቀስኩ አገኙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የእሳቸው ቤት በእኔ እጅ ፈረሰ ብዬ ነበር።

አልተቆጡም። «ሌላ የትም አልጻፍሽውም?» አሉ።

«አንድ ለአንሙት ሰጥቼው ነበር፤ ጠፋ።»

«አንሙት ራሱ ጠፍቷል እንዴ? ተነሽ!»

መናኸሪያ ስንደርስ አንሙት መኪናው ውስጥ ሙዚቃ ከፍቶ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ወይዘሮ ጠጅቱን ሲያይ ደንግጦ ወረደ።

«ጌትነት ስልክ አላነሳ አለኝ። ከዚያ ረሳሁት» አለ።

«ፍላሹስ?»

ወደ ሬዲዮው ጠቆመ። ፍላሹ እዚያው ተሰክቶ ይዘፍናል። «ቦታው ሰፊ ሆኖ ሳየው ሙዚቃ ቤት ወስጄ ዘፈን አስሞላሁበት። ያንችን አልነካሁም፣ እናቴ እሙሃይ ትሙት! አንዱ ፋይል ብቻ አልዘፍን ብሎኛል።»

ያ ያልዘፈነው ፋይል ሠላሳ ስምንተኛው ዓመት ነበር። ቢቸናና ሞጣ መካከል በዚያ ኮረኮንች ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አንሙት ራሱ አያውቅም። ከዘፈኖቹ ጋር ቫይረስም ተሳፍሮ ስለነበር አጸዳሁት። ከዚያ ሁለት ፋይል ላይ በየተራ፣ በየሁለት ዓመቱ እንዲጽፍ አዝዤ አስነሣሁት። መብራት አንዴ ሄዶ መጣ፤ ሁለት ዓመት እንኳ አልተመለስንም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሃምሳው ዓመት ሞላ። በታችኛው ቦታ ውሃው ከወይዘሮ ጠጅቱ አጥር ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀረው ይቆማል።

ሰኞ ኮሚቴው የታችኛውን መረጠ። አቶ ይበልጣልም «እኔስ የላይኛውን መች ወደድኩት?» አሉ።

ግድቡ ተሠርቶ ከዓመታት በኋላ፣ ሞጣ ተዛውሬ ስሠራ፣ ወይዘሮ ጠጅቱን ልጠይቅ ሄድኩ። ኮምፒውተሯ ውሃው እዚህ ይቆማል ያለችበት ቦታ ላይ እንጨት ተክለዋል። ውሃው ከእንጨቱ ገና ብዙ እርምጃ ይቀረዋል።

«አልደረሰም እኮ!» አሉኝ።

«ሃምሳ ዓመቱ አልሞላም፣ እማማ።»

«እኔም አልቸኮልኩ» አሉና ወደ ቤታቸው አስገቡኝ።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህ ነው። በሁለት ፋይል ጻፉ። አዲሱ መከፈቱን ሳታዩ አሮጌውን አታጥፉ። አንድ ቅጂ ደግሞ ከቢሮው ውጭ ይኑር፤ አድራሻውን ግን እናንተ እወቁት።