አባ ጨለማ

በሰፈራችን አባቴን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «የአባ ጨለማ ቤት የቱ ነው?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ግን ሳይሳሳት ደጃችን ይደርሳል። ሲመሽ መስኮቱ የማይበራ ቤት በመንገዱ ላይ የእኛ ብቻ ነበራ።

ስስታም ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ። ስስታም ቢሆንማ በቀለለን፤ ስስታምን ተጣልቶም አኩርፎም ማሸነፍ ይቻላል። አባቴ መብራት በሚመነጭበት ግድብ የውኃ ልክ ተመልካች ነበር። ማለዳ ማለዳ ወደ ሐይቁ ይወርድና ቁጥር በተጻፈበት ምሰሶ ላይ ውኃው የት እንደ ደረሰ ያያል። ጡረታ እስኪወጣ ይህንኑ ሲሠራ ኖረ። ሥራ ሲጀምር ውኃ ውስጥ ተደብቆ የነበረ አንድ ትልቅ ድንጋይ፣ ኋላ ላይ ወፎች የሚያርፉበት ሆነ። «ያንን ድንጋይ ማየት አልነበረብኝም» ይል ነበር። ካየው በኋላ ግን እንዳላየ መሆን አልቻለም፤ ነገሩን ይዞት ቤት መጣ።

ቤታችንም ተለወጠ። የታጠብንበት ውኃ በባልዲ እየተጠራቀመ ሽንት ቤት ይደፋል፤ አትክልት የታጠበበት ደግሞ ጓሮ ላሉት ጎመኖች ይሄዳል። ድስት ያለ ክዳን መጣድ ነውር ሆነ። እናቴ ምስሩ መንተክተክ ሲጀምር ታወርደውና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ እዚያው በገዛ ሙቀቱ ይበስላል። የተቀደደ ልብስ ይጣፋል እንጂ አይጣልም። የቀኑ ብርሃን ቶሎ ጥሎን እንዳይሄድም አባቴ ግድግዳውን ሁሉ ኖራ ቀባው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለናል፣ ባልዲ ተሸክመን በተነጫነጭን ቁጥር። እውነቱን ነበር። ዛሬም የእኔ ቤት የሚተዳደረው እንደዚያው ነው።

በመብራት ግን ከልክ አለፈ። ከክፍል ወጥተን ገና በሩን ሳንዘጋ ማብሪያው ከኋላችን ቀጭ ይላል። ለአንድ ሰው ተብሎ አምፖል አይበራም። «አጥፉት፣ ከሐይቁ ነው የምትጠጡት» ይላል። እናቴ ትስቅ ነበር። «ያገባሁት ሰው ነው ወይስ የሌሊት ወፍ?» ትለውና በዳበሳ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ከጊዜ በኋላ የበሩ መቃን ትከሻዋን ይመታት ጀመር። ጠረጴዛው ዳር ያለውን ብርጭቆ በክንዷ ገፍታ ሰበረች። ከጎኗ መጥቼ ስቆም ድንግጥ ትላለች። ክር መርፌ ውስጥ አስገቡልኝ ማለት አመጣች። ምን ሆንሽ ስንላት መልሷ አንድ ነው፦ «እኔ ምንም አልሆንኩም። ቤቱ ነው የጨለመው።» እኛም አመንናት። ምን ይደረግ፣ ቤቱ ጨለማ መሆኑን አገር ያውቀዋል።

አንድ ቀን እራት ላይ ሳለን አባቴ ድንጋይ ነከሰ። ከምስሩ ውስጥ ነው። በጣቱ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። እናቴ ግን ድምፁን ሰማችው፤ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«በጨለማ የተለቀመ ምስር እንዲህ ነው» አለች። «ለአንድ ቀን እንኳ ብታበራልኝ ምን ነበረበት?»

የምትስቀው እናቴ ያን ማታ አልሳቀችም። አባቴም ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ።

በማግሥቱ ወጥቶ ከሱቁ ትልቅ የተባለውን አምፖል ገዝቶ መጣ። እሷ ከምትቀመጥበት ወንበር በላይ ሰቀለው። አመሻሹ ላይ ሰፌዷን ይዛ ስትቀመጥ፣ ማብሪያውን ተጫነና እጁን እዚያው እንዳደረገ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። ኖራው ግድግዳ ቦግ ሲል እኔ እንኳ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በራ» አለች ቀና ብላ፤ ደስ አላት። ወደ ሰፌዱ ጎንበስ አለች። ጣቶቿ ምስሩ ላይ ትንሽ ሄዱና ቆሙ። ሰፌዱን ወደ ፊቷ አስጠጋችው፣ አዞረችው፣ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው ነው?» አለችው። «ሙሉውን አብራው እንጂ።»

«ሙሉው ነው» አለ አባቴ።

«እንግዲያ ቤቱ አልነበረማ» አለች እናቴ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትሑት። «እናቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያስቸገረዎት?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ፤ የሚያውቅ የለም። የዓይን ግፊት ነው አለችን። አያምም፤ ከዳር እየጀመረ ቀስ በቀስ ወደ መሐል ይበላል። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን የዓይን ጠብታ ሳይቋረጥ ከተደረገላት ማቆየት ይቻላል። «ቀስ በቀስ» ስትል አባቴ አንገቱን ደፋ።

«ጨለማው ነው ያመጣባት?» አላት።

«አይደለም አባቴ። ጨለማ ዓይን አያጠፋም።»

«ደብቆታል ግን» አላት።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለእሱ የተባለ መሰለኝ። የሐይቁን ጉድለት ሲያይ የኖረ ሰው የሚስቱን ሳያይ ቀረ። ይህን ፊት ለፊት አልነገርኩትም፤ ራሱ ለራሱ ሲለው ስለሰማሁ አላስፈለገም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ያለው አምፖል ሁሉ በጠራራ ፀሐይም ይበራ ጀመር። ጎረቤቶች «ሠርግ አላችሁ እንዴ?» ብለው ቀለዱ። ባልዲዎቹ ተደፍተው ቀሩ፤ ጎመኖቹ ጠወለጉ። አባቴ ሰውም አያናግር። የሚነቃው ጠብታው ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ነው፤ እሱን ለማንም አይሰጥም።

አንድ አመሻሽ ጠብታውን ሲያደርግላት ዓይኗን ሳተና ጉንጯ ላይ ጣለው።

«አባከንከው» አለችው በቀስታ። ጉንጯን ጠረገች። «ጓሮው ደርቋል አሉ።»

«ይድረቅ።»

«መብራቱም እንደ ገበያ ነው።»

«ይብራ። ለአንቺ ነው።»

እጁን ያዘችው። «ስማ፣ አንተ ሰው። አልተቀየምኩህም ብልህ ውሸት ነው። ተቀይሜሃለሁ። ሐይቁ ግን ምን አደረገ?»

አባቴ የጠብታውን ጠርሙስ ከደነ። ከዚያ ተነሣና ወደ ውስጥ ገባ። የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ቀጭ ሲል ሰማን። የሳሎኑም። የበረንዳውም።

«የወጥ ቤቱን ረሳኸው» አለችው ካለችበት ሆና።

ተመልሶ አጠፋው። በመጨረሻ እኛ ወዳለንበት መጣና ከወንበሯ በላይ ያለው አምፖል ማብሪያ ላይ እጁን አሳረፈ። ዕድሜውን ሙሉ መብራት ሲያጠፋ ማንንም አስፈቅዶ አያውቅም።

«ይሄንንስ?» ብሎ ጠየቃት።

«እሱን ተወው» አለች እናቴ። «ፊትህ ገና ይታየኛል።»

አባቴ እጁን ከማብሪያው ላይ አነሣ። ወንበሩን ስቦ፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አዞረና ተቀመጠላት።