ያልነካው ቡጢ

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የገብስ ማከማቻ ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ ነው። ገፍትረው ሲያስገቡኝ በግድግዳው ዙሪያ የተከመሩ ጋቢዎች ያየሁ መሰለኝ። አንደኛው ጋቢ ሲያስል ሰዎች መሆናቸውን አወቅሁ።

"አንተንም አመጡህ ልጄ?" አለኝ ያሳለው ጋቢ።

ድምፃቸውን ለየሁት። የስማዳው ሽማግሌ ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከመንደራቸው ሰዎች ጋር መጥተው፣ መሬታችን ያለ ፈቃዳችን ሊለካ ነውና ለአውራጃው አቤቱታ ጻፍልን ብለውኝ ነበር። እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት እስቴ ተልኬ መካነ ኢየሱስ አስተምር ነበር። እነሱ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ከግርጌው መጀመሪያ አውራ ጣታቸውን ያተሙት እሳቸው ናቸው። የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ነበር የቀረው፤ እስር ቤቱ ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የጣቢያው አዛዥ አስጠራኝ። መቶ አለቃ ነው። ጢሙን ቅባት ይቀባል፤ ከአሥመራ ተዛውሮ መምጣቱን እንደ ማዕረግ ይናገራል። አቤቱታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማን እንዳነሳሳኝ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። ከማስተማር በፊት ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው እረዳ እንደነበር ነገርኩት።

ሰውየው አቤቱታውን ረሳው።

"የቻይና ካራቴ ታሳዩ ነበር?"

"እናሳይ ነበር።"

ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን እንደ ቢላዋ ዘረጋና አየሩን ሁለት ጊዜ ቆረጠው። አሥመራ ሳለ አንዱን ፊልም አራት ጊዜ እንዳየው ነገረኝ። ሊያስመሰክሩብኝ የተጠሩት ሁለት ባላገሮች በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እጁን ሲያወናጭፍ አይተው ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። እኔም ለእሱ አፈርኩለት።

"ቅዳሜ አንተ ታጋጥማለህ፤ እንደ ፊልሙ አድርገህ" አለኝ።

ስለ ቅዳሜ ክፍሉ ውስጥ ሰምቼ ነበር። በየቅዳሜው ከምሳ በኋላ እስረኛ ከእስረኛ እያጋጠመ ይዝናናል። በአንድ ወገን ሁልጊዜ የሚቆመው በከብት ስርቆት የተፈረደበት ግዙፍ የጋይንት ሰው ነው፤ ለድካሙ አንድ ሙሉ ዳቦ ይሰጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን መንጋጋውን ሰብሮታል። የዚህኛው ቅዳሜ ተረኛ ሽማግሌው ናቸው። በተያዙ ቀን በሰደፍ የተመቱት ጎናቸው ገና አልዳነም፤ ሲያስሉ በእጃቸው ይደግፉታል።

እውነቱን ለመናገር እነዚያን ፊልሞች እንቅ ነበር። በተማሪዎች መጽሔት ላይ ወጣቱን የሚያደነዝዙ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ነገር ግን የንቀቴን ያህል አውቃቸው ነበር። ፊልሙ ሲበጠስ የምንቀጥለው እኛ ነን። የተበጠሰውን ጫፍ በአምፖል ፊት ይዤ ምስሎቹን አንድ በአንድ ስመለከት የመቺው ቡጢ ከተመቺው ፊት አንድ ስንዝር ርቆ አየው ነበር። አልነካውም። ዳይሬክተሩ ካሜራውን የሚያቆመው በመቺው ትከሻ ጀርባ በኩል ነው፤ ከዚያ ሲታይ ክፍተቱ ይጠፋል። ተመቺው አንገቱን በትክክለኛዋ ቅጽበት ያዞራል፤ ድምፁን ኋላ ይጨምሩለታል። ተመልካቹ ግን ቡጢው ሲያርፍ አይቻለሁ ብሎ ይምላል።

ዓርብ ጠዋት ይህን ዘዴ ለሽማግሌውና ለጋይንቱ ሰው ነገርኳቸው። ከብት ሌባው ጭንቅላቱን አከከ።

"እኔ መምታት እንጂ አለመምታት አላውቅም" አለ።

"በቀኝህ ሰንዝር፤ ከፊታቸው አሳልፈው። በዚያው ቅጽበት በግራ መዳፍህ የራስህን ደረት ምታ። ድምፁ ከዚያ ይምጣ።"

ሽማግሌው ጎናቸውን ደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህ ነገር ማታለል አይደለም?" አሉኝ።

"ማታለል ነው።"

አሰቡበት። "ለእሱ ከሆነ ግድ የለም" አሉ።

ቀኑን ሙሉ ተለማመድን። ከብት ሌባው መጀመሪያ እጁን እንዴት እንደሚያሳልፈው ጠፍቶት ፈራ፤ ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው ናቸው ያበረታቱት። "አይዞህ፣ በሬ ስትጠምድ ቀንበሩን አንገቱ ላይ ትወረውርበታለህ? ቀስ ብለህ ነው" አሉት። ባልታመመው ጎናቸው መውደቅን አለማመድኳቸው። እየወደቁ፣ ጎናቸውን ይዘው እየሳቁ ይነሡ ነበር።

ቅዳሜ መቶ አለቃው ወንበሩን አስይዞ ወጣ።

"ጌታዬ፣ ዳይሬክተሩ የሚቀመጠው እዚህ ጋ ነው" አልኩት፣ ከከብት ሌባው ጀርባ በስተቀኝ ያለውን ቦታ እያሳየሁ።

ዳይሬክተር መባሉ ፊቱን አበራው። ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ባልኩት ቦታ አኖረው። እግሩን አነባብሮ "ጀምሩ" አለ። እኔ ጎኑ ቆሜ እሱን ነበር የማየው። ከብት ሌባው ሦስት ጊዜ ሰነዘረ፤ ሦስት ጊዜ ደረቱ ጮኸ። ሽማግሌው አንገታቸውን ሁለት ጊዜ አዞሩ፤ በሦስተኛው ተንገዳግደው በደህናው ጎናቸው ወደቁ። ከጎን የቆሙት ፖሊሶች ክፍተቱን አይተዋል። አንዱ ሳቁን ለመደበቅ አፉን በካፖርቱ እጅጌ ሸፈነ። አንዳቸውም አልተናገሩም። እነሱም ለካ ይንቁት ነበር።

"ይሄ ነው" አለ መቶ አለቃው ተነሥቶ። "ፊልም ማለት ይሄ ነው።"

ያኔ ቢገባ መልካም ነበር። ግን አልጠገበም። ወደ ሽማግሌው ቀረበና "በል፣ ተነሣና እግሬ ሥር ወድቀህ አመስግን" አላቸው።

ሽማግሌው ተነሡ። ጋቢያቸውን አራግፈው ተከናነቡ።

"ወድቀህ አሳይ ተባልሁ፣ ወደቅሁ። እሱ ጨዋታ ነው" አሉ። "ስግደት ግን ጨዋታ አይደለም።"

በጥፊ መታቸው። ይህኛው ምንም ድምፅ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሽማግሌው አልወደቁም፤ አንገታቸውንም አላዞሩም። ቀጥ ብለው አዩት። ከብት ሌባው ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ፤ ሊሰጠው የቀረበለትን ዳቦም አልተቀበለም። መቶ አለቃው አንዴ እኛን፣ አንዴ ፖሊሶቹን አየ። ከዚያ ወንበሩን የሚያነሳለት ፈለገ። ፖሊሶቹ ሌላ ሌላውን ያዩ ነበር። ራሱ አንጠልጥሎት ገባ።

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎችም ሲያስጠራኝ አጋጠምኩለት። ማንም አልተጎዳም። ሽማግሌው ከእኔ በፊት ተፈትተው ወደ ስማዳ ሄዱ፤ መሬቱን የሚለኩት ሰዎችም በዚያ ዓመት አልመጡም ብለው ላኩብኝ። እኔን ያስፈታኝ ከደብረ ታቦር የመጣ ትእዛዝ ነው። መቶ አለቃው እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ "አዲስ አበባ ስትገባ ለፊልም ሰዎች ስለ እኔ ንገራቸው" አለኝ።

ያን የተበጠሰ ፊልም የሠራውን ዳይሬክተር ስም ዛሬም አላውቅም። ማስታወቂያው ላይ በማላነበው ፊደል ነበር የተጻፈው። ሰው ሳይጎዳ እንዴት እንደሚደባደቡ ለማሳየት ስንት ቀን ለፍቶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ መጽሔቱ ላይ የጻፍኩትም ያሳፍረኛል።

ልጆቼ መቶ አለቃውን ይቅር ብለኸዋል ወይ ይሉኛል። ይቅር ልለው ፊቱን ለማስታወስ ስሞክር፣ ወንበሩን አንጠልጥሎ የሚሄድ ጀርባ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።