ዘጠኝ ሰው ያየው ትምህርት

አራዳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ለሁለት ተከራይተናል። በበሩ በኩል የእኔ የስፌት መኪና አለ፤ ከኋላ ምስጋናው ኮምፒውተሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሥራው ሚሞሪ መጫን ነው። ሰው የስልኩን ሚሞሪ አውጥቶ ይሰጠዋል፣ እሱ ዘፈኑን፣ ድራማውን፣ ስብከቱን ከዩቲዩብ አውርዶ ይጭንለታል። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ኢንተርኔት ከማይደርስበት ገጠር ለገበያ የሚመጡ ናቸው። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም ብል ውሸት ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጣላለን።

የምንጣላው በምርጫው ነው። ሌላው ሚሞሪ ጫኝ የታዘዘውን ጭኖ ያሰናብታል። ምስጋናው ግን ምስር እንደምትለቅም ሴት አጎንብሶ ቻናል ሲለቅም ይውላል። ለዚሁ የያዘው ወፍራም ደብተር አለ። ርእሱ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነውን፣ "ጉድ ተመልከቱ" እያለ የሚጮኸውን፣ ለአምስት ደቂቃ ነገር ግማሽ ሰዓት የሚያስጠብቀውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛል። ሳይሰረዙ የቀሩት በጣት ይቆጠራሉ፤ ስለ ከዋክብት የሚያስረዳ አንድ፣ ስለ ንብ እርባታ አንድ፣ ሰው ሳይሰድብ የሚያስቅ አንድ።

"ከመቶ አንዱ ነው የሚረባው" ይለኛል።

"አንተስ ከመቶው ነህ ወይስ ከአንዱ?" እለዋለሁ። አይስቅም።

ዘፈን ለማስጫን የመጣ ሁሉ ታዲያ ሳይጠይቅ አንድ ትምህርት ይጨመርለታል። ሽንኩርት ሻጭ ከሚዛኑ በላይ አንድ ፍሬ ጣል እንደምታደርገው፣ ምርቃት መሆኑ ነው። ያመሰገነው ጥቂት ሰው ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር "ምርቃትህን አጥፋልኝ፣ ቦታ ያዘብኝ" ብሎ የተመለሰ ዕለት ምስጋናው ምሳውን ሳይበላ ቀረ።

ከሁሉ የወደደው ፊልጶስ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። ሰውየው ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ ያስተምራል። ስለ ፍጥነት ሲያስረዳ "ከአዘዞ የተነሳ ሚኒባስ ጠዳ እስኪደርስ" ብሎ ይጀምራል። ኩንታል የጫነች አህያ ዳገት ላይ የምትደክምበትን ምክንያት ሲናገር፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ሰምቻለሁ። ገብቶኛልም። ምስጋናው ያንን ትምህርት ለመጣ ለሄደው መረቀ።

ምርቃቱ ከደረሳቸው አንዱ አያ ሰጠኝ ናቸው፣ ከትክል ድንጋይ ማዶ የሚመጡ ገበሬ። ልጃቸው ዝናሽ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቷ ተዘጋ። አንድ ዓመት ጠበቀች፣ ሁለተኛውንም ጠበቀች፤ ሃያ ሞላት። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮባት አባቷ መልሰዋል። በሦስተኛው ግን ቃል ሰጡ። በግል ተመዝግባ ትፈተን፤ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ካላለፈች ትዳራለች።

"ሌላውንስ አንብባ ተወጥታዋለች" አሉት አያ ሰጠኝ፣ ሚሞሪዋን ከመሐረባቸው ቋጠሮ እየፈቱ። "ይኸ ፊዚክስ የሚሉት ነው ያስቸገራት። ያ የመረቅኸኝ መምህር ግን ሸጋ ነው አለች። ቀጣዩን ላክልኝ ብላለች።"

ምስጋናው በየገበያው ቀን አንዳንድ ምዕራፍ ላከላት። የአራተኛው መጨረሻ ላይ መምህሩ "ምዕራፍ አምስትን በሚቀጥለው ሳምንት" ይልና ጠመኔውን ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ የለም። ያ ቪዲዮ ከወጣ ዓመት ከአራት ወር አልፎት ነበር። ምስጋናው ሌላ ቻናል ፍለጋ ገባ። አንዱ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፣ የአንዱ ድምፅ አይሰማም፣ አንዱ ራሱ የማያውቀውን ያስተምራል። ሦስት ሳምንት ለቅሞ ለዝናሽ የሚሆን አንድም አጣ። ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል።

"ሰውየው ጠዳ ነው ያለው" አለኝ አንድ ጠዋት።

"በምን አወቅህ?"

"ምሳሌው ሁሉ ጠዳ ሲደርስ ነው የሚያልቀው።"

"እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" አልኩት። ጠዳ አክስት ስላለችኝ፣ ሰው ማጠያየቁም ለእኔ ስለሚቀል፣ ሱቁን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ።

አክስቴ ስሙን ስትሰማ፣ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እዚያ ነው የሚሠራው ብላ ወደ ወፍጮ ቤቱ አመለከተችን። ፊልጶስን ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ፣ ጆንያ ሲሸከም አገኘነው። በቪዲዮው ካየነው አሥር ዓመት ያረጀ ይመስላል። ምስጋናው አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "መምህር፣ ቪዲዮዎን አይቼ ነው የመጣሁት" አለው።

"የቱን?"

"ሁሉንም።"

"ሁሉንም ያየ ሰው የለም" አለ ፊልጶስ። ድምፁ ሻክሯል። "ዓመት ለፋሁበት። ለመጨረሻው ስድስት ቀን ተዘጋጀሁ። ዘጠኝ ሰው አየው። ከዘጠኙ አራቱ እኔ ነኝ።"

"እኔ ብቻ ከሦስት መቶ በላይ ሚሞሪ ላይ ጭኜዋለሁ" አለ ምስጋናው። "ትክል ድንጋይ ይታያል፣ ጭልጋ ይታያል። አሁን እንኳ አንዲት ልጅ ምዕራፍ አምስትን እየጠበቀች ነው።"

ፊልጶስ ሄዶ ወፍጮውን አጠፋው። "እኔ ጋ ግን ዘጠኝ ነው የሚለው" አለ።

ነገሩ ለምስጋናው የገባው ያን ጊዜ ነው። እሱ አንዴ ያወርዳል፤ ያንኑ ለሦስት መቶ ሰው ይገለብጣል። ሦስት መቶው ሰው ኢንተርኔት በሌለበት በየቤቱ ያያል፣ ለጎረቤቱም ያሳያል። ዩቲዩብ ይህን አይቆጥርም፤ መምህሩም ሊያውቅ አይችልም። እነዚያ ሁሉ ልጆች ፊቱ ተቀምጠው ሲማሩ ሰውየው ባዶ ክፍል የሚያስተምር መስሎት ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበትና ተወው።

"ታዲያ ምነው አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ያላለኝ?" አለ ፊልጶስ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። አያ ሰጠኝና ልጃቸው መጻፊያውን ከየት ያመጡታል? ምስጋናው ግን ኢንተርኔቱ እጁ ላይ ነበር። ስንቱን በቀይ ሲሰርዝ የኖረ ሰው፣ ለመረጠው ለአንዱ አንዲት መስመር ጽፎ አያውቅም። ሰብስክራይብ እንኳ አላደረገም። ተናደድኩበት፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ።

ምስጋናው ለመነው። "በእኔ ስልክ እንቅረጸው፣ ምዕራፍ አምስትን ብቻ" አለው። የፊልጶስ ማስታወሻ ደብተሮች ለቸርቻሪ ተሰጥተው፣ በርበሬ ተጠቅልሎባቸው አልቀዋል። ቢሆንም እሺ አለ። ጆንያ ምልክት የሚያደርግበትን ጠመኔ አነሳና በወፍጮ ቤቱ የብረት በር ፊት ቆመ።

"እንደምን ዋላችሁ ተማሪዎች" አለ። አንድ ስሌት ጻፈ። ሳል ያዘው፤ የዱቄት ብናኝ ደረቱን ጎድቶታል። ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለት መስመር ሄደና ጠመኔው ቆመ። ምስጋናው ስልኩን እንደደገነ ጠበቀ፣ እኔም ጠበቅሁ፣ እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶችም ከነስልቻቸው ቆመው ጠበቁ። ፊልጶስ የጻፈውን ደጋግሞ አየው። ከዚያ በእጅጌው አበሰው።

"ከኔ ሄዷል" አለ። "ልጅቱን ስህተት ባስተምራት ይብሳል።"

ወፍጮውን አስነሳ። ከዚያ በኋላ ብንናገርም የሚሰማ አልነበረም።

ዝናሽ በአራት ምዕራፍ ተፈተነች። ውጤቱ ሲወጣ አላለፈችም። ብዙም አልቀራት ነበር አሉ፤ ይህን የነገረን ሰው ባይነግረን ደስ ባለኝ።

አያ ሰጠኝ ታኅሣሥ ላይ መጡ። ያችኑ ሚሞሪ ከዚያው መሐረብ ቋጠሮ ፈቱ።

"ትምህርቱን አጥፋውና የሰርግ ዘፈን ጫንበት" አሉት። "ጥር ላይ ነው።"

"አያ ሰጠኝ፣ ቦታ አለው እኮ። ሁለቱንም ይይዛል።"

"አጥፋው ግዴለም። እሷው ናት አስጠፋው ያለችኝ። ስታየው ታለቅሳለች።"

ምስጋናው አጠፋው። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ምዕራፎች ከኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ሲነሱ እኔም ከተቀመጥኩበት አየሁ። ዘፈኑን ጭኖ ሚሞሪውን አወጣ። ምርቃት አልጨመረም።

አያ ሰጠኝ ቋጠሯቸውን አጥብቀው በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ።

"ረስቼው" አሉ። "ያን መምህር ካገኘኸው፣ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ ብላለች። አራቱ ገብተውኛል በልልኝ ብላለች።"

"እነግረዋለሁ" አለ ምስጋናው።

ጥር መጥቶ ሄደ። ጠዳ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በየሳምንቱ "ቅዳሜ እሄዳለሁ" ይለኛል፤ እኔም መጠየቁን ትቻለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ደብተሩን ያወጣና ቻናል ይለቅማል።