ልጄን ከታክሲ ውስጥ ፈተንኳት

ኮሮና ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ዓመት የሆነ ነው። የማልረሳው ደግሞ የሰማ ሁሉ «አንቺ ጨካኝ ነሽ» ስለሚለኝ ነው። ይበሉ!

እኔ ሞጆ፣ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነው። አምስተኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ቤዛ አዳማ፣ ቤት ውስጥ ከእህቴ ጋር ትውል ነበር። ትምህርቱ በቴሌግራም የሚመጣው እኔ ስልክ ላይ ሲሆን እነሱ ያላቸው ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ነበር።

አንድ ጠዋት ወደ ሞጆ የሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ እንደተቀመጥኩ የሂሳብ ፈተና ተላከ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መልሱ ካልደረሰ ዜሮ ነው። ቢሮ ከገባሁ ደግሞ አለቃዬ ስልክ አያስነካኝም። ደወልኩላት። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ላውድ ላይ አድርጌ፣ በማስክ ውስጥ እየጮኽኩ ጥያቄውን አነብላት ጀመርኩ።

ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ዘወር ብለው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ታክሲ ነው ትምህርት ቤት?» አሉኝ።

«ዛሬስ ሁለቱንም ነው፣ አባባ» ብዬ ቀጠልኩ። ከኋላ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ «ጀባዱ፣ በርቺ!» አለችኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ ግማሽ ሲደመር ሩብ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቷል።

«ሁለት ስድስተኛ» አለች ቤዛ።

«ሦስት አራተኛ!» ብለው የጮኹት እኚያው የተቆጡኝ ሽማግሌ ናቸው።

«እማዬ፣ ሦስት አራተኛ ብለሽ ላኪው በቃ» አለች ልጄ።

ፈራሁ። ያለፈው ውጤቷ ዝቅ ብሎ ስለነበር ያቺ ነጥብ ታስፈልጋት ነበር። የክፍሏን ልጆች ፈተና ወላጆች እንደሚሠሩላቸውም አውቃለሁ።

«አንቺ ራስሽ ስንት አገኘሽ?»

«ሁለት ስድስተኛ።»

ያንኑ ላክሁት። ታክሲው በሙሉ አጉረመረመ።

«ልጅሽን እያወቅሽ ጣልሻት!» አሉ ሽማግሌው።

«ያልገባትን ማታ አስረዳታለሁ። የእርስዎን መልስ ግን የእሷ ነው ብዬ አልክም።»

ማታ ዳቦ እየቆረስኩ ግማሽና ሩብን አሳየኋት። እኔ ደክሞኛል፣ እሷ አኩርፋለች፤ ቢሆንም ገባት።

ያ ቀን ቢመለስ ያንኑ የተሳሳተ መልስ እልካለሁ። ቤዛ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። ሂሳብ ዛሬም ያስቸግራታል። ዝቅተኛ ውጤት ስታመጣ ግን ወረቀቱን አትደብቀኝም፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ትሰጠኛለች።