ለአሥር ቁጥር ሽማግሌ ይዘን ኖፓ ሄድን

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመቱ ስንወጣ

ከመቱ የተነሳነው ዝናቡ ሳያባራ ነው። መድረሻችን ኖፓ፣ ዓላማችን ደግሞ ለከተማችን የእግር ኳስ ቡድን አቀጣጣይ ማምጣት ነበር። ኳስ የማትከታተሉ እንዳትቸገሩ፣ አቀጣጣይ ማለት አሥር ቁጥር ለብሶ መሀል ሜዳ ላይ ኳሷን ከተከላካይ ተቀብሎ ለአጥቂ የሚያከፋፍለው ልጅ ነው። እሱ ከሌለ ሌሎቹ ገበያ ውስጥ የተጠፋፉ ዘመዳሞች ይመስላሉ። የእኛው አቀጣጣይ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሄደ። እናቱ በደስታ ድግስ ደገሱ፤ ደጋፊው ግን ድግሱ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ። እሁድ ጎሬ ላይ ከጎሬ ቡድን ጋር ጨዋታ አለን። ከተሸነፍን ከዋንጫው ወጣን ማለት ነው።

እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የግድግዳ መጽሔት ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱም ተለጥፎልኛል፤ ሰው ቆሞ ሲያነበው ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። ሦስተኛው የጉዞ ማስታወሻ እንዲሆን ስለፈለግሁ ጋሼ ሸምሱን ለመንኳቸው። ጋሼ ሸምሱ መናኸሪያው አጠገብ የጫማ ሱቅ አላቸው፤ የደጋፊዎቹም ሰብሳቢ ናቸው። “ልጅቷ ኳስ ይገባታል” ብለው አባቴን አስፈቀዱልኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ግን ክው አልኩ። ደጋፊ ብቻ እጠብቅ ነበር። ከፊት ወንበር ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከሦስቱ ትልቁ ኦቦ ነጋሳ ናቸው፤ በሰፈራችን የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ለጋብቻ የሚላኩ ሰው።

“ጋሼ፣ ኦቦ ነጋሳ ኳስ ይወዳሉ እንዴ?” አልኩ በሹክሹክታ።

“ኳስ ምን ያደርግላቸዋል? ሊለምኑልን ነው እንጂ! የልጁ አባት ኮስታራ ሰው ናቸው አሉ። ሽማግሌ ፊት ግን ማን እንቢ ይላል?”

በጠጠሩ መንገድ ላይ

አስፋልቱን ትተን ጠጠር መንገድ ስንገባ ክርክሩ ተጀመረ። ግራና ቀኙ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቡና ነው፤ ቡናው ቀልቷል። አንድ መንጋ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል አይቼ ለሌሎቹ ላሳይ ብዞር ዞር ያለ ሰው የለም። ሁሉም አሥር ቁጥር ከየት ይምጣ በሚለው ተጠምዷል።

“ከጅማ አንድ የለመደ ልጅ እንግዛ” አለ ከኋላ አንዱ።

“በምን? በጭብጨባ?” አሉ እትዬ ዘነበች። እትዬ ዘነበች ሜዳ በር ላይ ሳምቡሳ ይሸጣሉ። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሳምቡሳውን ሸፍነው ይገባሉ፤ የራበው እረፍት ይጠብቃል። “እኔ የሚገርመኝ፣ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት የራሳችን ልጆች ምን አጠፉ? ሳምቡሳዬን እየገመጡ ያደጉ ልጆች እኮ ናቸው!”

“ሳምቡሳሽ አቀጣጣይ ቢያወጣ ኖሮ ዘነበች፣ ይሄኔ በረኛውም አቀጣጣይ ነበር” አሉ ጋሼ ሸምሱ።

“በረኛውንማ አሥር ቁጥር አድርጉት” አለ ሹፌሩ። “እሱ እንደሆን ግቡን ጥሎ መሀል ሜዳ ነው የሚውለው።”

ኦቦ ነጋሳ እንኳ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ጋሼ ሸምሱ ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም። ለሚ የሚባለውን የኖፓ ልጅ አንድ ቀን ለቡና ጉዳይ ሄደው ሲጫወት አይተውታል። “ሳያይ ነው የሚያቀብለው!” አሉ፣ ከወንበራቸው እየተነሱ። “ጭንቅላቱ ወደ ግራ፣ ኳሱ ወደ ቀኝ! እንዲህ ያለ ልጅ በሽማግሌ ነው የሚጠየቅ።”

“ለኳስ ነው የምንጠይቀው ወይስ ለጋብቻ?” አሉ እትዬ ዘነበች። “ነገሩን አታክብዱት ብያለሁ። ሄዳችሁ ‘ልጁን ለእሁድ አውሱን’ አትሉም?”

“ልጅ ድስት ነው እንዴ የሚዋሰው!” አሉ ጋሼ ሸምሱ።

ወዲያው ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከሽማግሌዎቹ በቀር ሁላችንም ወርደን ገፋን። እኔ እስከ ጉልበቴ ቀይ ሆንኩ። እየገፉም ሲከራከሩ ነበር።

ኖፓ፣ ሻይ ቤት

ኖፓ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ሻይና አንድ ፓስቲ በሠላሳ ብር ወሰድኩ፤ ፓስቲው ትኩስ ነበር፣ ከመቱው ይበልጣል። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ሽማግሌዎቹን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና፣ “ለኦቦ ገመቹ ቤት ነው?” አለች።

ኦቦ ገመቹ የለሚ አባት ናቸው።

“አዎ፣ ልጅ ልንጠይቅ” አሉ ጋሼ ሸምሱ።

ሴትዮዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው በጓሮ በር ወጣች። እኔ ስኳር ልታመጣ መስሎኝ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ግቢ

ግቢያቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ቡና እንዲደርቅ በእንጨት አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሳሩ ለልመና እንደመጡ ያሳያል። ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡም፣ መልስ ሳያገኙም እህል አይቀምሱም። ደጋፊው ከኋላቸው ተሰለፈ።

ኦቦ ገመቹ ብቅ አሉ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። “አካም ጅርቱ” ብለው ሰላምታ ሰጡና ሳሩን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። ተመልሰው ገቡ፣ ኮት ደርበው ወጡ። ወንድሞቻቸውም ከየቤታቸው ተጠሩ። ስንመጣ ያልነበረ ሰው ሁሉ አጥሩን ሞላው።

እኔ ጭቃዬን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከቡናው አልጋ ጀርባ አንዲት እኩያዬ የምትሆን ልጅ ተደብቃለች። ሀዊ ትባላለች፣ የለሚ እህት ናት።

“ማነው ልጁ?” አለችኝ እጄን ጨምቃ።

“የምን ልጅ?”

“የሚያገባኝ ነዋ! የሻይ ቤቷ ሴትዮ ነግራናለች። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፣ አላገባም! ሂጂና ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው!”

“የመጣነው ለወንድምሽ ነው” አልኳት።

“ለለሚ? ለሚን ማን ሊያገባው?”

“ማንም አያገባውም። አሥር ቁጥር ሊለብስ ነው።”

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ቡናው ላይ እስክትደፋ ሳቀች፤ እየሳቀች ደግሞ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ተያይዘን ወደ ፊት ግቢ ስንመጣ ኦቦ ነጋሳ እየተናገሩ ነበር።

“ልጅዎን ለምነን መጥተናል።”

“የትኛዋን?” አሉ ኦቦ ገመቹ።

“ለሚን።”

አጥሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ “እ?” አለ። ለሚ ራሱ በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ቀጭን፣ ጫማው ላይ ጭቃ ያለበት ልጅ። ሽማግሌ ቆሞ የሚለምነው ልጅ ቃል አይተነፍስም። ጆሮው ግን ቀላ።

ጋሼ ሸምሱ ነገሩን አስረዱ። አቀጣጣዩ እንደሄደ፣ ጨዋታው ነገ እንደሆነ፣ ከተሸነፍን እንደምንወጣ። ኦቦ ገመቹ ከወንድሞቻቸው ጋር ወደ ቡናው ጥላ ሄደው ተመካከሩ። ከቤቱ የቅቤ ሽታ ይመጣል፤ ለእንግዳ ቡና ቀላ፣ ቅቤ ውስጥ ከነገለባው የሚጠበስ ቡና፣ ተሰናድቷል። ማንም መንካት አይችልም። ሹፌሩ ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።

ተመልሰው መጡ።

“አክብራችሁናል፣ ሰምተናል” አሉ ኦቦ ገመቹ። “የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።”

“ጨዋታው ነገ ነው እኮ!” አሉ ጋሼ ሸምሱ።

“ስማኝ ሸምሱ። ብቻህን መጥተህ ‘ለሚን ለነገ ስጠኝ’ ብትለኝ ኖሮ አሁኑኑ ይዘኸው ትሄድ ነበር። ኳስ ሲጫወት እኔም ደስ ይለኛል። አንተ ግን ሽማግሌ አቆምክብኝ። ሽማግሌ በቆመበት ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? ‘ልጁን ሊያራግፍ ቸኩሎ ነበር’ ልባል ነው? እነዚህን የቆሙትን አባቶችስ ማቅለል አይሆንም?”

ጋሼ ሸምሱ እንዲረዷቸው ወደ ኦቦ ነጋሳ ዞሩ። ኦቦ ነጋሳ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

“ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።”

የራሳችን ሽማግሌ! ጋሼ ሸምሱ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ከግቢው ወጡ፣ በሩን ዘጉ፣ አንኳኩ፣ ብቻቸውን ተመልሰው ገቡ።

“ኦቦ ገመቹ፣ እንደምን ዋሉ! በዚህ ሳልፍ ነው። ለሚን ለነገ ይሰጡኛል?”

“አይቼሃለሁ እኮ” አሉ ኦቦ ገመቹ።

አጥሩ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። እትዬ ዘነበች ብቻ አልሳቁም። “አታክብዱት ብያለሁ፣ አላልኩም?” እያሉ ቀድመውን ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ስንመለስ አሥር ቁጥርን ያነሳ ሰው የለም። ያ ሁሉ ክርክር የት ገባ?

እሁድ፣ ጎሬ

ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት። ሚኒባሱ እየጮኸ ሲወጣ ጉሙ በመስኮት ይገባል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸው ብቻ ይታያል። አሥር ቁጥሩን አግዳሚ ላይ ከነበሩት ለአንዱ ሰጡት። እትዬ ዘነበች ደስ ሊላቸው ሲገባ የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥሩ ይፈቱ ነበር። ልጁ ኳስ በመጣለት ቁጥር እንደ ጋለ ነገር ወደ ኋላ ይመልሳታል። እረፍት ሲወጡ አንድ ለባዶ ተመርተናል።

ያን ጊዜ አንድ ሞተር ሳይክል ሜዳው ዳር ቆመ። ሀዊ ናት፣ ከፊት ደግሞ ለሚ! ጮህኩ።

ጋሼ ሸምሱ እየሮጡ ሄዱ። “አባትህ ፈቀዱ?”

“አልፈቀደም” አለ ለሚ። “ኳስ ማየት ግን አልከለከለኝም።”

“ግባ! ማልያው ይኸው! ማን ይነግራቸዋል?” አለ ከእኛ አንዱ።

“እኔ እነግረዋለሁ” አለ ለሚ ረጋ ብሎ። “ሽማግሌ የቆመበትን ነገር እኔ እግሬን አንስቼ ብጨርሰው አባቴ ሰው ፊት እንዴት ይቆማል?”

ጋሼ ሸምሱ ማልያውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት። ሌላ ሰው ሊለምነው ሲል “ተወው!” ብለው ተቆጡ። ይሄንንም አልጠበቅሁም።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ለሚ መስመሩ ዳር ቆሞ ጨዋታውን አየ። ከዚያ በድንገት፣ “ወደ ኋላ አትመልስ! ከጀርባህ ሰው የለም፣ ዞር በል!” ብሎ ለአሥር ቁጥራችን ጮኸ። ልጁ ዞረ። እውነትም ሰው የለም! “አሁን ግራ! ሳታይ ስጠው!” ሰጠው። ለሚ ሜዳው ዳር እየሮጠ፣ ኳስ ሳይነካ፣ ሙሉ ቡድን አጫወተ። የጎሬ ደጋፊ ተናደደ። “ሁለት አቀጣጣይ ነው እንዴ የምትጫወቱት?” እያለ ለዳኛው ጮኸ። ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ፣ ወደ ለሚ ሄዶ፣ ጨዋታው ውስጥ ለሌለ ሰው ቢጫ ካርድ አሳየ!

እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የጎሬውም የመቱውም ደጋፊ አንድ ላይ በሳቅ ፈነዳ።

“አባቴ የያዘው እግሬን ነው” አለ ለሚ ለዳኛው። “አፌን አልያዘም።”

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አገባን። አንድ ለአንድ። አላሸነፍንም፣ ግን አልወጣንም፤ የሚቀጥለው ጨዋታ ከኦቦ ገመቹ ቀጠሮ በኋላ ነው። እትዬ ዘነበች አሥር ቁጥር የለበሰውን ልጅ አቅፈው፣ “ያልኳችሁ ይሄንን ነው፣ ነግሮ የሚያሳየው ሰው አጥቶ ነው እንጂ!” አሉ። ጋሼ ሸምሱ ደግሞ፣ “ያልኳችሁ ይሄንን ነው፣ ለሚ ያስፈልጋል!” አሉ። መቱ እስክንገባ እሱኑ ተከራከሩ።

ቤት

ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ተማርኩ። የምንፈልገውን ነገር ከፍ አድርገን ስንጠይቅ ቶሎ የሚሰጠን ይመስለኝ ነበር። ኖፓ ግን ልመናችን በከበደ ቁጥር መልሱም እኩል ከበደ። ደግሞ ያልተሰጠ ልጅ ራሱን አለመስጠቱ፣ እኔን ከግቡ በላይ አስደንቆኛል።

እናቴ በሩን ስትከፍትልኝ ጭቃዬን አይታ ጮኸች። ከዚያ፣ “ለመሆኑ አቀጣጣዩን አገኛችሁት?” አለችኝ።

“አገኘነው” አልኳት። “ገና አልሰጡንም።”