ኤልኳ ሳትሞት ለመድረስ

ይህ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 መስከረም ላይ ነው። ዓመታት አልፈዋል። በቀስት የሚያድን ሰው የደኅንነት ኮርስ እንዲወስድ ይገደድ ወይስ አይገደድ የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ግን ወንድሜ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀምጦ ያየኝ አስተያየት ይመጣብኛል። እንዲህ ያለ ክርክር ደግሞ የት ነው የሚነሳው ትሉ ይሆናል። እኛ ቤት ነው የሚነሳው።

ታናሽ ወንድሜ ሽብሩ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ በምትባል ከተማ ይኖራል። የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ሹፌር ነው። እኔ እዚያው ኦሮራ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ። ሽብሩ አንድ ነገር ከያዘው አይለቀውም። አንድ ሰሞን ማራቶን ነበር፤ ሌላ ሰሞን ንብ ማርባት ጀምሮ ንቦቹ ጎረቤት ነድፈው ተወው። በዚያ ዓመት ደግሞ ቀስት ያዘው። ያስጀመረው አብሮት የሚሠራ አሜሪካዊ ነው። ጓሮው ውስጥ ኢላማ አቁሞ ከሥራ መልስ ፍላጻ ሲለቅ ያመሻል። ባለቤቱ ሰናይት "እኛን ሳትጨርስ ወደ እንስሳው ሂድ" ትለው ነበር።

የሚመኘው ለመስቀል በራሱ እጅ ያደነውን ኤልክ ክትፎ አድርጎ ቤተሰቡን ማብላት ነበር። ኤልክ ማለት አጋዘን የምትመስል፣ ቁመቷ ግን ላም የሚያክል የዱር እንስሳ ናት። እኛ ጉራጌዎች ነን፤ መስቀል ያለ ክትፎ አይሆንልንም። ሽብሩ ነሐሴ ሳይጋመስ ነው ቅቤውን ማስነጠር የጀመረው።

ኮሎራዶ ውስጥ የአደን ፈቃድ ለማውጣት የአዳኝነት ኮርስ ግዴታ ነው፤ እሱንም ወስዷል። እንደነገረኝ አብዛኛው ስለ ጠመንጃ ነበር። ስለ ቀስት ብቻ የሚሰጠው ኮርስ ሌላ ነው፤ የፈለገ ይወስዳል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። የሥራ ባልደረባው ውሰድ እያለ ወተወተው። እኔም "ሄደህ ቁጭ ብትል ምን ትጎዳለህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ቀስት እኮ ነው! ጥይት የለው፣ አይባርቅ። ኮርሱ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ለእኔ በጣም ቢዚ ነው፤ ሺፍቴን ለማን ልስጠው?" አለኝ።

የአደኑ ቀን ሲደርስ ሰናይት ብቻውን አይሄድም ብላ ድርቅ አለች። እኔ ኦፍ ነበርኩ። ሥጋ ለመሸከም እንጂ ለማደን አይደለም ብዬ አብሬው ሄድኩ። ዴንቨርን አልፈን ወደ ተራራው ወጣንና መንገድ ዳር ፓርክ አድርገን በእግር ጥዱ ውስጥ ገባን። ጎህ እየቀደደ ነበር። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሽብሩ እንዳልስል፣ እንዳላወራ፣ እንዳልንቀሳቀስ አዘዘኝ። ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ግን ታዘዝኩ።

ብዙ ከተቀመጥን በኋላ አንዲት ኤልክ ብቻዋን መጣች። እንዲህ ታምራለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ እንዳይመታት መመኘት ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ቀስቱን ስቦ ለቀቀ። ፍላጻው ከትከሻዋ ኋላ ገባ። እንስሳዋ ዘላ ጉብታውን ተሻገረችና ከዓይናችን ተሰወረች።

"መታኋት! እትዬ፣ መታኋት!" አለ። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። "ሳትሞት ልድረስባት!"

ለምን እንዳለ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። በእኛ ዘንድ እንስሳ በሕይወት እያለ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደና ደሙ ካልፈሰሰ አይበላም። ሳይታረድ የሞተ ጥንብ ነው። ያውም እኛ ያሰብነው ክትፎ ነው። እናታችን ያሳደገችን እንዲህ ነው፤ ሁለታችንም ሌላ ሐሳብ አልመጣልንም።

ሽብሩ ቢላዋውን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ፣ ብትነሳ እደግማታለሁ ብሎ ሁለተኛ ፍላጻ በእጁ ይዞ ሮጠ። የፍላጻው ጫፍ ላይ ያሉት ስለቶች ምላጭ ማለት ናቸው። እኔም ከኋላው ሮጥኩ። የወደቀ ግንድ ሊዘል ሲል ውርጩ አንሸራተተውና ተዘረረ። አወዳደቁ የሚያስቅ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ቀና ሲል ፍላጻው ጭኑ ውስጥ ተሰክቶ አየሁ።

ደሙ እየዘለለ ነው የሚወጣው። ሥራዬ በሽተኛ ማንሳትና ማጠብ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ደም አይቼ አላውቅም። ስካርፌን አውልቄ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። የሽብሩ ከንፈር አመድ መሰለ።

"እትዬ፣ ልጆቼን..." አለ።

"ዝም በል!" ብዬ ጮህኩበት። የቀረውን መስማት አልፈለግኩም።

ከዚያ ኡኡ አልኩ። አስቤ አይደለም፤ እጄን ከቁስሉ ማንሳት ስለማልችል ያለኝ ድምፄ ብቻ ነበር። "የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!" እያልኩ በኮሎራዶ ተራራ ላይ በአማርኛ ጮህኩ።

ሰው ነበረ። ጢሙ የነጣ፣ አውሬ እንዳያየው ፊቱን አረንጓዴ የተቀባ ሽማግሌ አሜሪካዊ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለ። እሱም በቀስት ለማደን ከእኛ ራቅ ብሎ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። መልኩን ሳይ የባሰ ደነገጥኩ። ምንም አልጠየቀም። ከቦርሳው ሰፊ ማሰሪያ አውጥቶ ከቁስሉ በላይ ጠመጠመና በትንሽ ዱላ እየጠመዘዘ አጠበቀው። ሽብሩ አገር እስኪሰማ ጮኸ። ደሙ ግን ቆመ። ከዚያ በሳተላይት በምትሠራ ትንሽ መሣሪያ እርዳታ ጠራ።

ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ ሰውየው ወንድሜን በጨዋታ እንዳያንቀላፋ ያዘው። ለምን እንደሮጠ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። አልሳቀም፤ ጥሬውን እንበላዋለን ስለው ብቻ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ቀጥሎ እንዲህ አለኝ፦

"የቀስቱ ኮርስ ላይ በደንብ የሚነግሩሽ ነገር ይህ ነው። ከመታሽ በኋላ አትሩጪ። ካባረርሽው ርቆ ይሸሻል፣ ከተውሽው እዚያው ቅርብ ተኝቶ ይሞታል። ፍላጻሽን ኮሮጆው ውስጥ መልሰሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በይ። ይህንንም ማሰሪያ ይዤ መውጣት የጀመርኩት እዚያ ከተማርኩ ወዲህ ነው።"

ሽብሩን ዴንቨር ሆስፒታል አስገብተው ቀዶ ጥገና አደረጉለት፤ ደምም ተሰጠው። ዶክተሩ ማሰሪያው ባይኖር ኖሮ አይደርስም ነበር አለን። ሰናይት ኮሪደሩ ላይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ ስልኬ ጠራ። ሰውየው ነበር፤ ሄሊኮፕተሩ ሳይነሳ ቁጥሬን ተቀብሎኝ ነበር። ተመልሶ ሄዶ ደሟን ተከትሎ ኤልኳን አግኝቷታል።

"ሩቅ አልሄደችም" አለኝ። "ከጉብታው ወዲያ ማዶ ነው የተኛችው። ወንድምሽ ገና መሮጥ ሲጀምር ሞታ ነበር ብዬ አስባለሁ።"

ሽብሩ ሲነቃ ነገርኩት። አንሶላውን ፊቱ ላይ ስቦ አለቀሰ። ሥጋውን ምን እናድርገው ብሎ ሰውየው ይጠይቃል ስለው "እሱ ይውሰዳት" አለኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ያን የቀስት ኮርስ ወሰደ። እዚያም እጁን አውጥቶ "እኛ ሳይሞት ማረድ አለብን፤ ታዲያ እንዴት ቁጭ እንበል?" ብሎ ጠየቀ። አስተማሪው ይህንስ ከሃይማኖት አባትህ ጋር ተነጋገርበት አለው። ሽብሩም የንስሐ አባቱን ጠየቃቸው። "ልጄ፣ ቀስቱን ስትስብ በስመ አብ በል። ከዚያ በኋላ ተረጋግተህ ተቀመጥ" አሉት። በቃ፣ መልሱ ይኸው ነበር።

እንዲያም ሆኖ ሽብሩ ዛሬም ኮርሱ ግዴታ መሆን የለበትም ባይ ነው። "እትዬ፣ ቀድሜ ብማርም እሮጥ ነበር። ሞታ ባገኛት ምን ላደርጋት ነው?" ይለኛል።

እኔ ግዴታ ይሁን እላለሁ። ያን ቅዳሜ ተገዶ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ጥያቄ ጭኑ ሳይበሳ ይጠይቅ ነበር፤ አባም ያንኑ ይመልሱለት ነበር። እዚህ ላይ ስንደርስ ድምፄ ከፍ ይላል። ሰናይት "እሺ፣ ሪላክስ" ትለኛለች። አልችልም።

ወንድሜ ሜዳ ላይ ሲሄድ ምንም አያስታውቅም። ደረጃ ሲወርድ ግን የተወጋውን ግራ እግሩን ያስቀድማል፣ መደገፊያውንም ይይዛል። ያንን ሳይ ለዚያ ሽማግሌ ዕድሜ እለምንለታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ ይመለስብኛል። ሞታ ለነበረች ኤልክ ነው የሮጠው።