ሳታረግዝ የመጣችው ልጅ

ትናንት ከሲኒማ ራስ ቁልቁል ስወርድ፣ አንዲት የጤና ባለሙያ ድንኳን ሥር ቆማ በድምፅ ማጉያ «ነፍሰ ጡር እናቶች! ስለ ልጆች መቀንጨር ትምህርት አለ፣ ግቡ!» ስትል ሰማሁ። እግሬ ቀጥ አለ። ዓለምነሽ ትዝ አለችኝ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መርካቶ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ አዲስ የተቀጠርኩ ነርስ። ሐሙስ ሐሙስ ነፍሰ ጡሮችን ሰብስቤ፣ በማህፀን ሳለና በጨቅላነቱ የተራበ ልጅ ቁመቱም አእምሮውም እንደሚጎዳ አስተምር ነበር። ክረምቱ በገባ በአንዱ ሐሙስ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ በሩን ይዛ ቆመች፤ ዓለምነሽ ነበረች። ከጎጃም መጥታ አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትለቅም ነበረች። ጭቃው ጉልበቷ ድረስ ወጥቷል፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ሲስተር፣ እኔም ልስማ?» አለችኝ።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ኧረ አላረገዝሁም! ለጥር ነው የምዳረው። የእህቴ ልጅ አላድግ ብሎ ቀረ። የእኔም እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ክፍሉ ሞልቷል። መዝገቡ የእርግዝና ወር ይጠይቃል እንጂ እንዲህ ላለች ልጅ ቦታ የለውም። እኔም ደክሞኛል።

«ስታረግዢ ነይ» አልኳት።

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም በነጠላዋ አፏን ሸፍና አብራ ሳቀችና ሄደች።

ተድራ ስትመለስ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ክንዷን ስለካው በቅጥነቱ ደነገጥኩ፤ የዓይኗን ሽፋን ገለጥ ባደርገው ደም የሚባል የለውም። ክኒን ሰጠኋት፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን ብዪ አልኳት። ሁሉንም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ቁርሷ ሻይ በዳቦ እንደነበር፣ ምሳ ደግሞ ጨርሶ እንደማትበላ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ሴት ልጅ ወለደች። ሁለት ዓመት ሲሞላት ቁመቷን ለካሁና የእድገት መከታተያ ካርዷ ላይ ነጥቡን አኖርኩ። ከጤናማ ልጅ መስመር በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ዓለምነሽ ካርዱን ሳይሆን ፊቴን ታያለች።

«ያኔ አስገብተውኝ ቢሆን ይረባኝ ነበር?»

«ያው ነበር» አልኳት።

ዋሸኋት። ደሟ እስኪሞላ፣ ሰውነቷ እስኪጠና፣ ከባሏ ጋርም እስክትመክር ከማርገዟ በፊት ወራት ነበሯት። እሷ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ልጇን አዝላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ሥራውን ከተውኩ ቆየሁ። ያቺ ሕፃን ዛሬ ራሷ የምትወልድበት ዕድሜ ላይ ናት። የእናቷ ጉዳት በእሷ አልፎ ወደሚወለደው እንዳይሻገር ቀድሞ የሚነግራት ሰው ይኖር ይሆን? የት እንዳለች አላውቅም። ባውቅም፣ ምን ብዬ በሯን እንደማንኳኳ አላውቅም።